ያበጠና የፋፋ

የወሎዋ ከተማ ወገል ጤና የተቀመጠችበት የደላንታ ሜዳ ከሰሜን በጅጣ፣ ከደቡብ በበሽሎ ወንዝ ገደል የተከበበ ሰፊ አምባ ነው። አፈሩ በአብዛኛው ዋልካ ነው። በበጋ ጀርባው ተሰነጣጥቆ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ይከፍታል፤ ሐምሌ ሲገባ ስንጥቁ ሁሉ ራሱን ደፍኖ፣ መሬቱ ውሃ ጠግቦ፣ የበሬ እግር ይዞ የማይለቅ ጭቃ ይሆናል። የአፈር ሊቃውንት ይህን ዐይነት አፈር «የሚያብጥ አፈር» ይሉታል። ገበሬው ግን መሬቱ ጠገበ፣ ጨቀየ ይላል እንጂ አበጠ ሲል እምብዛም አይሰማም። ማበጥን ለሥጋ፣ ለቁስልና ለትዕቢት አስቀምጦታል።

የወሎና የላስታ ደጋ ሕዝብ ብዙ ዘመን ከማበጥ ጋር ኖሯል፤ ከሚያብጥ አፈር፣ ከሚሞላ ወንዝ፣ ሆዱ ከሚነፋ ከብት፣ ከአንገት እንቅርት፣ ከረኃብ እብጠት ጋር። ለእያንዳንዱም የራሱን ግሥ ሰጥቶታል። እንግሊዝኛ «ስዌል» በሚለው አንድ ግሥ የታመመ እግርንም፣ የሞላ ወንዝንም፣ ነፋስ የወጠረውን የመርከብ ሸራንም፣ በደስታ የተመላ ልብንም ይናገራል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመንማ ለብሶ የተሽቀረቀረ ጌታ ሳይቀር በዚሁ ቃል ተጠርቷል። በአማርኛ እግር ያብጣል፣ ወንዝ ይሞላል፣ ሆድ ይነፋል፣ ሊጥ ኩፍ ይላል፣ ሕፃን ይፋፋል። አንዱን በሌላው ቦታ ያስገባ ሰው ጤናን ከሕመም ያምታታል። እኔ እነዚህን ግሦች የማያቸው ሕዝቡ ክፉውን መግዘፍ ከደጉ የለየባቸው የዕውቀት መዝገቦች አድርጌ ነው፤ ታሪካቸውም የአገሩ ታሪክ ነው።

አበጠ የግዕዙ ሐበጠ ነው። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ሲጥል ሐውቷ ወደ አ ተለወጠች፤ ትግርኛ ግን ሓበጠ እያለ እስከ ዛሬ ጠብቋታል። ቀይ ባሕርን ተሻግረን ዐረብኛ ስንደርስ ይኸው ሥር ሐቢጠ ተብሎ ይገኛል። የጥንት የዐረብኛ መዝገበ ቃላት ጸሐፊዎች ቃሉን ሲፈቱ የሚያነሡት ከብትን ነው፦ ዝናብ ያበቀለውን ለምለም ያለ ልክ ግጦ ሆዱ ተነፍቶ የሚሞት ከብት። ከዚያም ተነሥቶ ቃሉ ፍሬው ለጠፋ ልፋት ዋለ፤ ቁርዓን ሥራቸው ከንቱ ስለሆነባቸው ሰዎች ሲናገር የሚጠቀመው በዚሁ ግሥ ነው። ወሎ ቄሱና ሼኹ በአንድ ቀበሌ የሚኖሩበት አገር ነውና፣ ሁለቱም በየመጽሐፋቸው ይህን ሥር ሲያነቡ ኖረዋል፤ አንዱ በሥጋ ሕመም ትርጉሙ፣ ሌላው በከንቱ ድካም ትርጉሙ።

የዐረቡ እረኛ ያየውን የደላንታ እረኛም በየመስከረሙ ያየዋል። ጤዛው ያልረገፈለትን ማገጥ በጠዋት የጋጠ በሬ ግራ ጎኑ ከበሮ ይመስል ይወጠራል። ምክንያቱ በሆዱ ውስጥ የሚፈላው አየር በአረፋ ታስሮ መውጫ ማጣቱ ነው፤ ሳንባን ተጭኖ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። እረኛው ግን «አበጠ» አይልም፤ «ነፋው» ነው የሚለው። ቁስል ከሥጋው ውስጥ መጥቶ ያብጣል፤ ሆድ ግን አየር ገብቶበት ይነፋል። ልዩነቱን ከመማሪያ መጽሐፍ አላገኘውም፤ በሬው ነው ያስተማረው።

የግሡ መንፈሳዊ ታሪክም ከእግር ጋር የተያያዘ ነው። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 8 ቁጥር 4 እስራኤላውያን በምድረ በዳ አርባ ዓመት ሲጓዙ እግራቸው እንዳላበጠ ይመሰክራል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 ደግሞ የመላጥያ ሰዎች እፉኝት የነደፈችውን ጳውሎስን ያብጣል ብለው ይጠብቃሉ፤ ሳያብጥ ሲቀር ሐሳባቸውን ይለውጣሉ። በሁለቱም ቦታ አለማበጥ ተአምር ነው። ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ቆላ በእግሩ ለሚጓዝ የላስታ ሰው ይህ ተአምር ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ መገመት አያዳግትም። በግሪክ ትያትር ውስጥ እጅግ የታወቀው ንጉሥ ኦዲፐስም ስሙ ሲፈታ «እግረ እብጥ» ማለት ነው፤ ሕፃን ሳለ ቁርጭምጭሚቱ ተበስቶ ተጥሎ ነበርና።

ግሡን በወረቀት ካሰፈሩት ሰዎች መካከል መጀመሪያ የሚነሡት ከዚሁ አካባቢ የተገኙ ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ፤ መካነ ሥላሴ ከበሽሎ ወዲያ ማዶ፣ በጥንቱ ቤተ አማራ የነበረ ታላቅ ደብር ነው። እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ከጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ፤ በ1652 ደግሞ ጀርመን አገር ጎታ ድረስ ሄደው ቋንቋና ታሪክ አስተማሩት። ጎርጎርዮስ በ1658 ባሕር ላይ ሰጠሙ፤ ሉዶልፍ ግን ከእርሳቸው በተማረው ላይ ቆሞ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ፍራንክፈርት ላይ አሳተመ። ስለዚህ አውሮጳ መጀመሪያ የተማረችው አማርኛ የቤተ አማራ መነኩሴ አፍ ነው። ከዚያ በኋላ ኢዘንበርግ በ1841፣ አንቷን ዳባዲ በ1881፣ ኢኛሲዮ ጉዊዲ በ1901 ተከታተሉ። የጉዊዲ ረዳት የነበሩት ክፍለ ጊዮርጊስ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መምህር ናቸው፤ የኪዳነ ወልድ መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ደግሞ በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ ትጋት በ1948 ዓ.ም. ታተመ። ደስታ ራሳቸው በ1962 ዓ.ም. ያወጡት መዝገበ ቃላት «ዐዲስ» የሚለውን ቃል በዐይኑ ዐ መጻፉ ለዚሁ ጉዳይ ምስክር ነው፤ እነዚህ ሊቃውንት አማርኛ የጣላቸውን የጉሮሮ ድምፆች ቢያንስ በፊደል ለማትረፍ ታግለዋል። ዛሬ ሐንና አን እያምታታን ስንጽፍ የምናጠፋው የአጻጻፍ ውበት ብቻ አይደለም፤ አበጠን ከትግርኛና ከዐረብኛ ወንድሞቹ ጋር የሚያገናኘውን ክር ነው የምንበጥሰው።

ነፋ የግዕዙ ነፍኀ ነው፤ መጀመሪያ ትርጉሙ እስትንፋስን ማውጣት ነው። መለከት ይነፋል፣ እምቢልታ ይነፋል፣ ፊኛ ይነፋል። አንጥረኛው ከፍየል ቆዳ የሚሠራው ማናፊያም ወናፍ ይባላል። ከዚሁ ቤት የወጣ ሌላ ቃል አለ፦ ንፍፊት። እግር ላይ ቁስል ሲኖር በብሽሽት፣ እጅ ላይ ሲሆን በብብት የሚወጣው ጓል ንፍፊት ይባላል። ሐኪሞች ዛሬ ሲያስረዱ ያ ቦታ የሰውነት መከላከያ ዕጢዎች የተሰበሰቡበት ነው፤ ከቁስሉ የሚመጣውን ጀርም ሲዋጉ ይገዝፋሉ ይሉናል። የወሎ እናት ዕጢ የሚለውን ነገር ሳትሰማ ንፍፊት ያወጣ ልጅ ስታይ መጀመሪያ የምታየው እግሩን ነው፤ ምንጩን ታውቀዋለችና።

እዚህ ላይ ሌላ የእንግሊዝኛ ግሥ ማንሣት ግድ ነው፤ «ባልጅ»፣ ማለትም ወደ ውጭ ማበጥ፣ መቆዘር። ይህ ቃል ሲወለድ ግሥ አልነበረም። ጎል የሚባሉት የጥንት የፈረንሳይ ምድር ሰዎች የቆዳ ከረጢትን በሚጠሩበት ስም ጀመረ፤ ሮማውያን «ቡልጋ» ብለው ወሰዱት፤ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝ ገብቶ ለብዙ ዘመን ስልቻ ማለት ሆኖ ቆየ። ስልቻ ሲሞላ ጎኑ ይወጣልና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ስሙ ግሥ ሆነ። የዚሁ ቃል ታናሽ፣ ትንሿ ከረጢት «ቡዤት»፣ የገንዘብ ያዡን ቦርሳ ስትጠራ ቆይታ በመጨረሻ በውስጧ ላለው ሒሳብ ስም ሆነች። እኛም በጀት አልናት። በየወረዳው ጽሕፈት ቤት በጀት ጸደቀ፣ በጀት ተዘጋ ሲባል የሚነሣው ቃል ሥሩ ሲታይ ያበጠ ስልቻ ነው። ሆድ ማለት የሆነው የእንግሊዝኛው «ቤሊ» እና ወናፍ ማለት የሆነው «ቤሎውስ» ከዚሁ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ ሁለቱም ጥንት አንድ ቃል፣ የቆዳ ከረጢት ማለት ነበሩ።

እንግዲህ እነዚያ አውሮጳውያን ሆድን፣ ወናፍንና ስልቻን በአንድ ሥር አሰሩ። አማርኛ ከእነርሱ ጋር ምንም ዝምድና ሳይኖረው ሆድ መንፋትን፣ ወናፍንና ንፍፊትን በአንድ ሥር አሰረ። የሁለቱም መምህር የፍየል ቆዳ ነው ብዬ አምናለሁ። ቆዳ ገፎ፣ አልፍቶ፣ ሰፍቶ፣ እህል የሚያስቀምጥበትና እሳት የሚያናፋበት ሕዝብ ሆዱን በሌላ ነገር ሊመስለው አይችልም። «ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ» የሚለው አባባልም ያለቆዳ ዕቃ አይወለድም ነበር። ያም ሆኖ እነዚህን ዕቃዎች የሚሠሩትን ፋቂዎችና ወናፍ የሚነፉትን ቀጥቃጮች ሕዝቡ ቡዳ እያለ ሲገፋ መኖሩ ያሳዝናል። ቋንቋችን ከእጃቸው ብዙ ወስዶ ለእነርሱ ክብር ነፍጓቸዋል።

ለወናፍ ክብር የሰጠ አንድ ንጉሥ ግን ነበረ፤ የወናፉም፣ የዋልካውም፣ የወንዙም ታሪክ በደላንታ ላይ የተገናኘው በእርሱ ዘመን ነው። ዳግማዊ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ። ከሁሉ የሚበልጠው ሴባስቶፖል 7 ቶን ያህል ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በጥቅምት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፎቻቸውን በሠረገላ አስጎትተው ወደ መቅደላ ተነሡ። መንገዱ በዋድላ ዐልፎ፣ የጅጣን ገደል ወርዶ ወጥቶ፣ በደላንታ ሜዳ ዐልፎ፣ የበሽሎን ገደል ወርዶ ወጥቶ መቅደላ ይደርሳል። ያን ሁሉ ገደል እየቆፈሩና ዐለቱን እየፈለጡ ሠረገላ የሚያስኬድ መንገድ አወጡበት። የእንግሊዝ ጦርም በኋላ በጅጣና በበሽሎ ላይ ይህንኑ መንገድ ተጠቅሞ ዐለፈ።

ያን ጉዞ ስናነብ ብዙ ጊዜ የምናየው የጉልበቱን ብዛትና የንጉሡን ጽናት ነው። አፈሩን ግን እንረሳዋለን። የደላንታ ዋልካ ውሃ ጠግቦ ባበጠበት ወራት 7 ቶን መድፍ በሠረገላ ሊጎተት አይችልም፤ ሠረገላው እስከ ዘንጉ ይሰምጥ ነበር። የበሽሎ ወንዝም ክረምት ሲሞላ ሰውን ከሰው የሚለይ ነው። ቴዎድሮስ ዋልካው ደርቆ ድንጋይ በሆነበት በጋ መጓዝ ነበረባቸው፤ መቅደላም የደረሱት በመጋቢት ነው። የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ጄኔራል ናፒየርም ያንኑ ሒሳብ ይዞ መጣ። በቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ወርዶ ወደ 13,000 የሚሆን ወታደር ሲያንቀሳቅስ ከሁሉ ይበልጥ የሚፈራው ክረምቱን ነበር፤ በሽሎና ጅጣ ከኋላው ቢሞሉ ስንቁና መመለሻው ይቆረጡ ነበርና። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ አጠገብ በእሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ። ሁለቱ ጦሮች የተጣደፉት አንድ ጌታ ስላላቸው ነው፤ ያም የሐምሌ ዝናብ ነው። ጦርነቱ ሁለት ወር ቢዘገይ ኖሮ የደላንታ አፈርና የበሽሎ ውሃ ከየትኛው ወገን ይሰለፉ እንደነበር ማሰብ እወዳለሁ።

አፈሩ ለምን ያብጣል? ዋልካ የሚሠራው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ መበስበስ ነው። በውስጡ ያለው ስሜክታይት የሚባል የሸክላ ዐይነት እንደ ወረቀት የተደራረቡ እጅግ ቀጫጭን ገጾች አሉት፤ ውሃ በገጾቹ መካከል ገብቶ ያራርቃቸዋል፣ ሲደርቅ ይቀራረባሉ። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለው አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ሲሸፍን፣ ከዚህ ውስጥ 7.6 ሚሊዮኑ በደጋው ክፍል ነው። አፈሩ ለም ነው፤ ውሃው ግን ሥሩን ስለሚያፍነው ገበሬው ክረምቱን ዝም ብሎ አሳልፎ ዝናቡ ሲያባራ ምስር፣ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የአፍሪቃ ዓለም አቀፍ የከብት ማእከል፣ የግብርና ምርምር ተቋሙና የዓለማያ ዩኒቨርሲቲ አብረው በዚህ አፈር ላይ ሠርተዋል። ከተገኘው ሁሉ የምወደው ሁለት ማረሻ አያይዞ ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣው ዕቃ ነው፤ የገበሬው የራሱ መሣሪያ፣ በገበሬው በሬዎች ተጎትቶ፣ ውሃውን ከመደቡ ያስወግደዋል።

አፈሩ ያስከተለው ሌላ መዘዝ ግን ደላንታን እስከ ዛሬ ያማታል። ጓያ በረግረጉም በድርቁም የማይሞት እህል ነው። በ1987 እና በ1990 ዓ.ም. መካከል በነበረው የእህል እጥረት ሌላው ሁሉ ሲከስም ጓያ ብቻ ቀረ፤ ሕዝቡም ጓያ ብቻ በላ። በውስጡ ያለው መርዝ የጡንቻ ነርቭን ይጎዳልና በያኔው ደላንታ ዳውንት ወረዳ ወደ 2000 የሚጠጉ ሰዎች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ወጣት ወንዶች፣ እግራቸው ሰለለ። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ጉዳዩን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡት። ይህ እብጠት አይደለም፤ እግሩ ይደርቃል፣ ይሰልላል። ግን ያበጠ አፈር ያመጣው ስለሆነ ከዚህ ቅኝት ሊቀር አልፈለግሁም።

በከተማም ይኸው አፈር ቤት ይሰነጥቃል። በአዲስ አበባ ቦሌ አካባቢ ቤት የሠራ ሁሉ ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ አውጥቶ በገረጋንቲ ሲሞላ ያወጣውን ወጪ አይረሳም።

ደላንታ የሚጠጣ፣ ግን የማያብጥ ድንጋይም አላት። እ.ኤ.አ. በ2008 ከወገል ጤና አጠገብ፣ በጸሐይ መውጫ ቀበሌ ገደል ውስጥ ኦፓል ተገኘ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ንብርብር መካከል፣ ከአንድ ሜትር በማይበልጥ ስስ ንጣፍ ውስጥ ነው የሚገኘው። ድንጋዩ ባለ ቀዳዳ ስለሆነ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ይሆናል፣ ቀለሞቹ ይጠፋሉ፤ ሲደርቅ ቀለሞቹ ይመለሳሉ። አሠራሩን የማያውቅ ገዢ ተበላሸብኝ ብሎ ይደነግጣል። ከአንድ ገደል የወጡ ሁለት የእሳተ ገሞራ ልጆች፣ አንዱ ሸክላ ሆኖ ያብጣል፣ ሌላው ድንጋይ ሆኖ ይጠጣል፤ የደላንታ ወጣቶች ደግሞ በዚሁ ገደል አፋፍ ላይ በዶማና በገመድ ነፍሳቸውን እያስያዙ ይቆፍራሉ።

ከምድር ወደ ሰው እንምጣ። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው አባባል ሁለት እብጠቶችን አንድ ላይ ያነሣል። ጆሮ ደግፍ ጥቂት ቀን አሳብጦ የሚያልፍ የልጅ በሽታ ነው፤ እንቅርት ግን የደጋው ሰው ለዘመናት አንገቱ ላይ ተሸክሞት ኖሯል። በአንገት ያለው ዕጢ አዮዲን ሲያጣ ያለችውን ሁሉ ለመያዝ ራሱን ያገዝፋል። የደጋው አዮዲን ደግሞ በሺህ ዓመታት ዝናብ ታጥቦ በአባይና በተከዜ ወርዶ አልቋል። ጨው ሊያድነን በተገባ፤ ግን ከአርሆ ተፈልጦ በአሞሌ መልክ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ሰቆጣ ገበያ፣ ከዚያ ወደ ላስታ የሚወጣው የጥንቱ ጨው አዮዲን የለበትም ማለት ይቻላል። ገንዘብም ምግብም ሆኖ አገር ለአገር የዞረው አሞሌ እንቅርትን ሊከላከል አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ከሦስቱ ከአንዷ በላይ እንቅርት ነበራቸው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደንብ ያወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። እንቅርት ያላቸውን አሮጊቶች በላስታ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጠው ያየ ሰው ያ ደንብ ለምን ሃምሳ ዓመት ቀደም ብሎ አልወጣም ብሎ ቢቆጭ እፈርድለታለሁ።

ዝሆኔም እንዲሁ የአፈር እዳ ነው። ብዙ አገር ዝሆኔን ትንኝ በምታመጣው ትል ያውቀዋል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ግን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ሲሠሩ ትል በማይኖርበት ደጋ እግር ለምን እንደሚያብጥ ጠየቁ። መልሱን ያገኙት በባዶ እግር ላይ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚወጣው ቀይ የሸክላ አፈር ደቃቅ ቅንጣቶች በእግር ቆዳ ገብተው፣ የፈሳሽ መውረጃ ቧንቧዎችን አስቆጥተው ይደፍናሉ። በሽታውን «ፖዶኮኒዮሲስ» አሉት፤ የእግር አቧራ ለማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በተደረገ የመላው አገር ጥናት 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደያዛቸውና በ345 ወረዳዎች እንዳለ ተገምቷል። መከላከያው ጫማ፣ ውሃና ሳሙና ነው። ሕመምተኞቹን ግን ከእግራቸው ይልቅ የሚያማቸው በሽታው የዘር ነው መባሉ ነው፤ ልጃቸው ሳይዳር የቀረ፣ ከጸበል የተመለሱ፣ ከማኅበር የተለዩ ብዙ ናቸው። ጫማ ሲገዛላቸው ሕመሙ የሚቀልላቸውን ሰዎች ከድግስ ማራቅ ጭካኔ ነው፤ ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

ትዕቢት እና ግሽበት በዚህ ቅኝት አጭር ቦታ ብቻ ያገኛሉ። ልቡ አብጧል የሚባለው ሰው ከቁስል ጋር ተቆጥሯል፤ ትዕቢት የሚለው ቃል ራሱ ታላቅ ከሚለው ከግዕዙ ዐቢይ ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው። አውሮጳውያን የገንዘብ መርከስን «መንፋት» ከሚለው የላቲን ግሥ ሲሰይሙ እኛ ግሽበት አልነው። በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ ሲወጣ ገበያ የወጣችው እናት የተነፋው ዋጋ፣ የጎደለው ስልቻ መሆኑን ያለ መዝገበ ቃላት ታውቀው ነበር።

ኩፍ ማለት ግን ደጉ እብጠት ነው። ጤፉ ተቦክቶ፣ ውሃው ተጠልሎ፣ አብሲት ተጥሎበት፣ ሊጡ ኩፍ እስኪል ይጠበቃል፤ ያኔ ምጣድ ይጣዳል። ኩፍ ያላለ ሊጥ ዐይን የሌለው እንጀራ ያወጣል።

ፋፋ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግሥ ነው። ሕፃን ሲወዛ፣ ጉንጩ ሲሞላ፣ ክንዱ ሲደራረብ ፋፋ ይባላል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመውና በኋላ የኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው ድርጅት ለሕፃናት ከስንዴ፣ ከአኩሪ አተር፣ ከሽምብራና ከወተት ዱቄት የተዘጋጀ ምግብ ሲያወጣ ስሙን ፋፋ አለው። ከዚያ የተሻለ ስም ማግኘት አይቻልም ነበር። ምግቡን ያዘጋጁት ሰዎች ምን ለማምጣት እንደፈለጉ በአንድ ቃል ተናገሩ፤ እናቶችም ቃሉን ስላወቁት ምግቡን አመኑት።

ይህ ስም በወሎ የተለየ ክብደት አለው፤ ምክንያቱም ወሎ የክፉውን እብጠት ፊት ደጋግማ አይታለች። በ1880ዎቹ ክፉ ቀን፣ ከዚያ በ1965 እና በ1966፣ ከዚያ በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ገብቷል። በረኃብ የተጎዳ ሰው መጀመሪያ ይከሳል፤ አንዳንዱ ግን ከዚያ በኋላ ያብጣል። ደሙ ፈሳሹን በሥሮቹ ውስጥ መያዝ ሲያቅተው ፈሳሹ ወደ ሥጋው ይፈስሳል፤ እግሩ፣ ፊቱ፣ ሆዱ ይገዝፋል። ሲስሊ ዊሊያምስ የተባሉት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1933 በዛሬዋ ጋና ይህን በሕፃናት ላይ አይተው ጻፉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በጋ ቋንቋ ተናጋሪ እናቶች አጠራር ክዋሽዮርኮር አሉት፤ ተከታይ ሕፃን ሲወለድ ጡት የተነጠቀ ልጅ የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። የጋ እናቶችም እንደ ወሎ እናቶች በሽታውን ከሐኪሙ ቀድመው ለይተው ስም አውጥተውለት ነበር።

ይህ እብጠት ዐይንን ያታልላል። ጉንጩ የሞላ፣ ሆዱ የተቆዘረ ልጅ ከሩቅ የፋፋ ይመስላል። በወሎ ጤና ኬላዎች የሚሠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለዚህ ቀላል መፈተሻ አላቸው፦ በሁለቱም እግሮች ላይ አውራ ጣትን ሦስት ሰከንድ ያህል ጫን አድርጎ ማንሣት። ሥርጉድ ብሎ ከቀረ፣ የክንዱ ልኬት በመለኪያው ሪባን ላይ አረንጓዴውን ቢያሳይም እንኳ፣ ልጁ በከባድ የምግብ እጥረት ተይዟልና ያለመዘግየት ሕክምና ይጀመርለታል። ከዚያ ፈተና በፊት ግን ሠራተኛዋ እናቲቱን የምትጠይቃት አንድ ጥያቄ አለ፤ የልጁ ፊት የሞላው ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ፋፍቶ ነው ወይስ አብጦ? የደጋው እናት ለሁለቱ ሁለት ግሥ ስላላት የምትመልሰው ያለ ማወላወል ነው፤ ሠራተኛዋም መልሱን ሰምታ እግሩን ልታይ ጎንበስ ትላለች።